ዋርካ የማያውቅ ስልክ

«አቮካዶ» አለ ስልኩ፣ አሁንም።

የምቦኔ ደም ፈላ። ቅጠል አይቶ የዛፍ ስም የሚናገረውን ይህን ፕሮግራም ያስተማረችው ራሷ ናት። ከፊቷ የቆመው ደግሞ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሥሩ ተቀምጠው የሚዳኙበት ትልቁ ዋርካ ነው። በመላው ካካሜጋ ወረዳ ይህን የማያውቅ ቢኖር የእሷ ስልክ ብቻ ነው!

«እንግዲህ አቮካዶ ከሆነ ይቆረጣል» አለ አዲሱን መንገድ በዚያ በኩል የሚያወጣው መሐንዲስ ኦዱዎር። «ደንቡ የሚያድነው ዋርካን ብቻ ነው፤ ዋርካ ቢሆን መንገዱን እናዞር ነበር።»

«ዓይን የለህም? ዋርካ ነው እኮ!»

«እኔማ ይታየኛል። ግን ‹ሰው ሁሉ የራሱን ዛፍ ዋርካ ነው ስለሚል ማሽኑ ይወስን› ብሎ ደንቡን ያስጻፈው ማነው? አንቺ አይደለሽ?»

አጎቷ ሺታንዲ ከሽማግሌዎቹ መካከል ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቅጠሉንና ስልኩን ተራ በተራ አዩ።

«ልጄ፣ ይኼ ነገርሽ ትምህርት አይገባውም እንዴ?» ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

«ተምሯል አጎቴ! ከዚሁ ዛፍ ሥር ቅጠል ለቅሜ...» አለችና ዓይኗን ወደ መሬቱ ጣለች።

ለቅማ። ከመሬት። ከሸንጎ ዛፍ ላይ ቅጠል መቅጠፍ ነውር ነው፤ በተቀጠፈ ዛፍ ሥር የተሰጠ ፍርድም አይጸናም። ስለዚህ ማሽኑን ያስተማረችው በወደቀ፣ በደረቀና በተጠቀለለ ቅጠል ነበር። ለምለም የዋርካ ቅጠል ምን እንደሚመስል ምስኪኑ ከየት ይወቀው? አሁን ለማስተማር ደግሞ ብዙ እርጥብ ቅጠል መስታወት ሥር ተዘርግቶ ፎቶ መነሳት አለበት፤ በአቅራቢያውም ሌላ ዋርካ የለም። በራሷ ተናደደች፣ በደንቡም፣ በነውሩም።

«እስከ ማታ ታገሰኝ» አለችው ኦዱዎርን፤ ጫማዋንም አውልቃ ቅርጫት ይዛ ዛፉ ላይ ወጣች።

«ምቦኔ፣ ተይ!» አሉ አጎቷ።

«ታዲያ ይቆረጥ?»

ቀጠፈች። የዛፉ ነጭ ወተት እጇ ላይ እየተጣበቀ ቅርጫቱ እስኪሞላ ቀጠፈች። ከዚያ ዳር ባቆመችው መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ቅጠሉን አንድ በአንድ መስታወት ሥር ፎቶ እያነሳች ማሽኑን እንደ አዲስ አስተማረችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስልኩን ደገነች። «ዋርካ» አለ። ኦዱዎር ትከሻውን ሰብቆ ዶዘሩን ወደ ኋላ አስመለሰ።

«አጎቴ፣ ዳነ!» ብላ ዞረች።

ሽማግሌዎቹ በርጩማቸውን እያነሱ ነበር። አጎቷም የራሳቸውን በርጩማ ብብታቸው ሥር አደረጉ።

«ዳነ፣ ልጄ» አሉ። «ለከብቱ ጥሩ ጥላ ይሆናል።»