ለአባይነህ ያልወረደ ሙሾ

እናቴ ለአራዳ ሰው ሁሉ አልቅሳ ለገዛ ልጇ አላለቀሰችም። እግዜር ይይላት ልል እልና፣ እግዜርም የእሷ ወገን መሆኑ ትዝ ሲለኝ እተወዋለሁ።

ወይዘሮ አይናዲስ ሲባል ከሠራተኛ ሰፈር እስከ ጊዮርጊስ የማያውቃት አልነበረም። ሙሾ አውራጅ ነበረች። ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀድሞ የሚጠራው እሷን ነው። ሟቹን በሕይወቱ አይታው ባታውቅ እንኳ፣ ሚስቱን አንድ ሁለት ነገር ጠይቃ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሃል ከቆመች ድንጋይ ታስለቅሳለች። አንድ ጊዜ ከጣራ ወድቆ ለሞተ አናጢ እንዲህ ብላ አወረደች፦

ለሰው ቤት ጣራውን አልብሶ አልብሶ፣
የራሱ ሳይከደን ገባ አፈር ለብሶ።

ሰዉ ደረቱን ደቃ። እኔ ግን በግኜ ወደ ቤት ገባሁ። ግጥሙ ልክ የወንድሜን ኑሮ የሚናገር ነበራ! አባይነህም አናጢ ነው። የአርመኑን ሱቅ፣ የግሪኩን መጋዘን ቆርቆሮ ሲያለብስ ይውላል፤ እኛ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ከሚያፈሰው ሣር ክዳን ሥር ድስት ስንደቅን እናድራለን። ይህን ብነግረው ሳቀብኝ። "አንቺ ሟርተኛ፣ የሞት ግጥም ነው የምትመኚልኝ? ቆይ ፋሲካ ይለፍ፣ የእኛንም ቆርቆሮ አለብሰዋለሁ" አለኝ።

በዓመቱ፣ በ1910 ሆሳዕና፣ ጊዮርጊስ ሦስታችን ጎን ለጎን ቆምን። አባቴ ሰገሌ ጦርነት ላይ ከቀረ ወዲህ ሦስት ብቻ ነበርን። በሕማማት ሳምንት ፍትሐት ስለማይደረስ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞተው ሁሉ የሆሳዕና ለት አስቀድሞ ይደረስለታል። አባይነህ ዘንባባውን ጣቱ ላይ እየጠመጠመ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"እንግዲህ ተፈትቻለሁ። ብሞትም ቄስ አላስቸግርም" አለኝ።

በክርኔ ጎሸምኩት። ማክሰኞ ራሱን አመመው፤ ሐሙስ ተስቦው አንደበቱን ያዘው።

የፋሲካ ማለዳ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቄጠማው ገና ከራሷ ላይ አልወረደም ነበር። ዶሮ ወጡ ምድጃው ዳር ተቀምጧል፤ ጾም አልፈታንም። አባይነህ አጠገብ ቁጭ ብላ ግንባሩን ዳሰሰች፣ ደረቱን ዳሰሰች፣ እግሩን ዳሰሰች። ገባኝ። ልጮህ አፌን ስከፍት በመዳፏ ከደነችው። መዳፏ ሽንኩርት ይሸት ነበር።

"ዝም በይ፣ እፀገነት። ዛሬ አይጮህም።"

"እማዬ፣ ሞተ እኮ!"

"አውቃለሁ። ጌታም ተነሥቷል። ሁለቱንም አውቃለሁ።"

ጩኸት ካልተሰማ ጎረቤት በምን ይወቅ? እማማ ምብራት ከታችኛው ግቢ ድፎ ዳቦ ታቅፈው፣ "እንኳን አደረሳችሁ! የት አለ ያ ሰነፍ፣ ጾሙን ሳይፈታ ተኛ?" እያሉ ገቡ። ያዩትን ሲያዩ ዳቦውን የሚያስቀምጡበት ጠፋቸውና ሬሳው እስኪወጣ ድረስ እንደታቀፉት ቆሙ።

ቀብሩ ላይ አራዳ ግልብጥ ብሎ መጣ። በዓሉን ትቶ መምጣቱ ለሐዘን ብቻ አልነበረም፤ አይናዲስ ለልጇ ምን ትላለች የሚለውን ለመስማት ጭምር ነው። የነፍስ አባታችን መምሬ ገብረትንሣኤ ፍትሐት አልደረሱም፤ የሆሳዕናው ነበረው። "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" ብለው ዘመሩ። ሲጨርሱ እናቴ እልል አለች።

እልልታ! በልጇ ጉድጓድ አፋፍ ላይ! ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። በእልልታው መሃል የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ታደርጋለች፤ ሳቋን የምትደብቅ መሰለኝ። ያን ጊዜ ጠላኋት።

መምሬ እንኳ አላስቻላቸውም። "አይናዲስ፣ ልጄ፣ ከፋሲካ ወዲህ ባለው ሃምሳ ቀን ለቅሶ አይገባም ማለታችን እውነት ነው። ግን እናት ነሽ። ትንሽ ብታለቅሺ እግዚአብሔር አይቀየምሽም" አሏት።

"እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፣ አባቴ" አለቻቸው። "በየዓመቱ 'ከእንግዲህስ ደስታና ሰላም ሆነ' ይሉን የለ? ደስታው ልጅ ላልሞተበት ብቻ ነው እንዴ?"

መምሬ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳርፈው ሄዱ። መልስ ቢሰጧት ደስ ባለኝ ነበር።

ከዚያ ሃምሳውን ቀን እንዴት እንደገፋሁት አልናገርም። በየማለዳው ተነሥታ ደጁን ትጠርጋለች፣ ነጭ ትለብሳለች፣ ለሚገባው ሁሉ "ክርስቶስ ተንሥአ" ትላለች። ራሴን ቅቤ ልትቀባኝ ስትመጣ እጇን ገፋሁት።

"ምን አይነት ሆድ ነው የሰጠሽ? ወንድሜ አፈር ውስጥ ሆኖ ደስ ይልሻል?"

ቅቤውን መዳፏ ላይ እንደያዘች ቆመች። "ደስ ብሎኝ መስሎሻል? እንደ ጾሙ ነው እኮ። እየራበኝ እጾም የለ? እያዘንኩም ደስ ይለኛል።"

"እኔ አይለኝም።"

"አንቺ ልጅ ነሽ" ብላ ቅቤውን የራሷ ፀጉር ላይ ቀባችው።

ቀን መቁጠር ያዝኩ። ጰራቅሊጦስ ሲያልፍ ሕጉ ይለቃታል፤ ያን ለት ለአባይነህ የሚገባውን ታወርድለታለች ብዬ። ለአናጢው ከሰጠችው የሚበልጥ ግጥም ሆዷ ውስጥ እያበሰለች ይሆናል እል ነበር። ሰፈሩም እንደኔ ይጠብቅ ነበር።

በጰራቅሊጦስ ማግስት፣ ሰኞ፣ ግቢያችን ጢም አለ። የወንድሜ ጌታ፣ አናጢነት ያስተማሩት አቶ ደምመላሽ፣ የሥራ መዶሻውን ይዘው መጥተው መሃል አስቀመጡት። ሴቶቹ መቀነታቸውን አጠበቁ። እናቴ ተነሥታ መሃል ቆመች፣ መዶሻውን አየችው፣ አፏን ከፈተች።

ከዚያ እንዲህ አለች፦

"ሃምሳ ቀን ይነሣል ስል ቆይቼ፣ ዛሬ ሞቶ ቀረ ልበል?"

ተቀመጠች። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ሰዉ አንድ በአንድ ወጣ። "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" አለች አንዷ፣ እንድንሰማት አድርጋ። "ለወለደችው ያላለቀሰች ለእኛ ምን ልታለቅስ?" አለች ሌላዋ። ከዚያ ቀን ወዲያ ለቅሶ የጠራት የለም። ሃያ ዓመት የሰው እንባ ስታወጣ የኖረች ሴት ጥጥ ፈታይ ሆነች። አላማረረችም፤ እኔ ስለ ሁለታችን አማረርኩ። ከእሷ ጋር የተነጋገርኩት ስለ ጨውና ስለ እንጨት ብቻ ነው። ክረምቱ ገባ፤ ጣራው አፈሰሰ፤ ድስቱን እሷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ደቀንን።

በኅዳር፣ ኋላ የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ መጣ። ከአራዳ ቤት ሁሉ ሬሳ ይወጣል፤ የሚያለቅስ ጠፋ፣ የሚፈታ ቄስ ጠፋ፣ መምሬ ገብረትንሣኤም ሞቱ። እናቴን በያዛት በሦስተኛው ቀን ወሰዳት። የአራዳን ሬሳ ሁሉ በሙሾ የሸኘች ሴት አንድ ስንኝ አልተረፋትም።

የምገንዝበት ባጣ ሣጥኗን ከፈትኩ። የፋሲካ ነጠላዋ ከታች ተጣጥፎ ተቀምጧል። ስዘረጋው ጥለቱ የለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተበልቷል። አይጥ ነው ብዬ ወደ ብርሃን ወሰድኩት። አይጥ አልነበረም። ክሩ ተነክሶ፣ ተላምጦ፣ አንዳንድ ቦታ ደም ደርቆበታል። ቀብሩ ላይ አፏ ውስጥ የነበረው ይኼ ነው። ሃምሳ ቀን አፏ ውስጥ የነበረው ይኼ ነው። እኔ ደግሞ እዚያው አንድ ምድጃ ዳር ተቀምጬ ሳቅ ነው ስል ነበር።

በእሱ ገነዝኳት። አቶ ደምመላሽና እኔ በቃሬዛ ጊዮርጊስ አደረስናት፤ ሌላ ተሸካሚ አልተገኘም። እሳቸው አባይነህ አጠገብ መቆፈር ጀመሩ። እኔ ራስጌዋ ቆምኩ። ፋሲካ አይደለም፤ አፌን የሚከድን መዳፍ የለም፤ እንደልቤ ልጮህ እችል ነበር። የተበላውን ጫፍ አንሥቼ ጥርሷ በነበረበት ላይ ነከስኩ። ክሩ ጨው ጨው ይላል። እንደ እሷ ማመኔን አላውቅም። ላለማልቀስ ግን ወሰንኩ።

ክሩን ከአፌ አወጣሁና እልል አልኩ።

አቶ ደምመላሽ ዶማቸውን አቁመው አዩኝ። "አንቺ ልጅ፣ አበድሽ?"

"አላበድኩም" አልኳቸው። "ይቆፍሩ።"