ጋሽ ቆይ የተረከቧቸው አልጋዎች

ለጋሽ ቆይ እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀለም ሲቀቡ፣ ከበያጆቹ እጅ አልጋም ይሁን ወንበር ሲመጣላቸው የመጀመሪያ ቃላቸው «ቆይ» ስለሆነ ነው ሰው ሁሉ እንዲያ እያለ የሚጠራቸው። ዕቃውን ይገለብጡታል፤ በጣታቸው ያንኳኩታል፤ አውራ ጣታቸውን ብየዳው ላይ ቀስ አድርገው ያስሄዳሉ። አንዱ እግር ከተነቃነቀ አንድ ቃል ሳይናገሩ በዓይናቸው ብቻ ወደመጣበት ይመልሱታል። ልክ ሲሆን «ተቀብያለሁ» ይላሉ። ያቺን ቃል እስኪሉ አምጪው ንቅንቅ አይልም፤ የምሳ ሰዓት ቢደርስም ሆዱን ይዞ ይጠብቃል። ሌላውም ክፍል እየቆየ የእሳቸውን ለመደና፣ በዚያ ወርክሾፕ አንድ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው ተቀባዩ አፉን ከፍቶ «ተቀብያለሁ» ሲል ብቻ ሆነ።

የወርክሾፑ ኃላፊ ከመጣች ገና ዘጠኝ ወሯ ነው። ትጉህ ናት፣ ሰው አክባሪ ናት፤ ግን ይህን «ተቀብያለሁ» የሚባል ነገር የሽማግሌ ወግ አድርጋ አየችው። አንዲት ወንበር የት እንደደረሰች ለማወቅ አራት ክፍል መዞር፣ በየደጁ ሰላምታ መለዋወጥ፣ የዚህን ወገብ የዚያን ጉንፋን መስማት ሰለቻት። ባለቤቱን ለምና፣ ቃሏን አስይዛ፣ የሥራ መከታተያ ሶፍትዌር አስገዛች። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ አንዳንድ ታብሌት ተሰቀለ። የየክፍሉ ሠራተኛ ሥራው ሲያልቅ «ተጠናቋል» የሚለውን ይነካል። በመሠራት ላይ ያለው ቢጫ፣ የዘገየው ቀይ፣ ያለቀው አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። እሷም ፎቅ ላይ ካለው ቢሮዋ ሳትነሳ ወርክሾፑን በሙሉ መዳፏ ላይ እንዳለ ታየዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሏት እንቅልፍ እንኳ አልወስዳት ብሎ ነበር።

ከዚያ የሆስፒታሉ ትእዛዝ መጣ። የሕፃናት ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ራሷ ናት የመጣችው። ልጆቹ በአንድ አልጋ ሁለት ሁለት ሆነው፣ የአንዱ እግር ከአንዱ ራስ ጋር ገጥሞ እንደሚተኙ፣ አንዱ ባሳለ ቁጥር ሌላው እንደሚነቃ ነገረቻት። አዲሱ ክፍል ቅዳሜ ይከፈታል፤ የሚያስፈልገው ሠላሳ አልጋ ነው፤ ልጅ እንዳይወድቅ ከፍና ዝቅ የሚል የጎን መከላከያ ያለው። የወርክሾፑ ኃላፊ ወዲያው እሺ አለች። ቅዳሜ ጠዋት ሠላሳውም ደጅሽ ይቆማሉ፣ በእኔ ይሁንብሽ አለቻት።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ስክሪኑ ሠላሳውንም አረንጓዴ አድርጎ አሳያት። ለሲስተር ልትደውልላት ስልኳን አነሳችና፣ ወሬ ብቻ ከምነግራት ፎቶ ልላክላት ብላ ወደ ታች ወረደች። በዕለቱ ከሠራችው ሁሉ ያቺ ሐሳብ ነች የጠቀመቻት።

የመጋዘኑን በር ከፍታ ቆጠረች። ዐሥራ ስምንት። ተሳስቼ ይሆናል ብላ እያንዳንዱን በእጇ እየነካች ደገመች። ዐሥራ ስምንት። ወጥታ ክፍል ለክፍል ስትዞር፣ ከብየዳው ክፍል ጀርባ ሸራ የለበሰ ነገር አየች። ሸራውን ገለጥ ስታደርገው ዐሥራ ሁለት አልጋ ቀለም ሳይነካው፣ ባዶ ብረቱን ተደርድሯል። የአንዱን መከላከያ ያዝ ብታደርገው ዱብ ብሎ ወደቀ። መቀርቀሪያ የለውም። ልጅ ተደግፎት ቢሆንስ ብላ እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

ዋናውን በያጅ ጠራችው። ትልቅ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ እያሻሸ፣ በእኔ በኩል ብየዳው አልቋል አላት። መቀርቀሪያ የሚቆርጠው ማሽን ከተበላሸ ሳምንት እንዳለፈው፣ ታች ያለ ሰው ሁሉም እንደሚያውቅ ነገራት። የፍራሽ ሰፊዋም መጣች፤ የእሷ ሠላሳ ፍራሽ ከተሰፋ ቆይቷል፣ የነካችው አረንጓዴ እውነት ነው። ጋሽ ቆይ በመጨረሻ፣ ቀለም የነካ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ደረሱ። እኔ ጋ የመጣልኝን ዐሥራ ስምንት ቀብቻለሁ አሉ። የቀረው አልመጣልኝም፤ ያ ግድግዳ ላይ ያለው ግን ዘግይተሃል እያለ ቀይ ሲያበራብኝ ጊዜ ነካሁለት፣ ዝም አለ።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

በያጁ ጫማውን ያይ ጀመር። የፍራሽ ሰፊዋ ብቻ፣ ዝምታ አይሆንላትምና፣ እኔማ ያ ነገር ሲጮህብኝ አንድ ቀን ምሳዬን ሳልበላ «ተጠናቋል» ብዬለታለሁ አለች። ፈገግ ያለ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ቆይ ኃላፊዋ አጠገብ አልጋው ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ የመጀመሪያውን ሰኞ ታስታውሻለሽ? ስብሰባው ላይ ቀይ ያለበትን ሰው ስም አንድ በአንድ ያነበብሽ ጊዜ።»

አስታወሰች። ግልጽነት ነው ብላ ነበር። የመጀመሪያው ስም የበያጁ ነበር፤ ብረቱ ስለዘገየበት። እሱ ባስተማራቸው ሰዎች ፊት ነው ያነበበችው። ከዚያ ወዲያ ሳምንት ሙሉ ምሳውን ለብቻው እንደበላ ዛሬ ገና ሰማች።

«ቀይ ስናደርግ ስማችን ይነበባል፤ አረንጓዴ ስናደርግ በሰላም ውለን እንገባለን» አሉ ጋሽ ቆይ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ። «አንቺ ብትሆኚ የቱን ትነኪ ነበር?»

አረንጓዴውን እንደምትነካ ልቧ ያውቀዋል። ፊቷ ጋለ። ፎቅ ላይ ሆና ስታየው የከረመችው ወርክሾፑን ሳይሆን፣ ሰዎቹ እሷን ለማስደሰት የቀቡላትን ግድግዳ ኖሯል። ከዚያ ወደ በያጁ ዞራ፣ ያን ዕለት ስላሳፈርኩህ ይቅርታ አድርግልኝ አለችው። እሱም መነጽሩን ማሻሸቱን ተወ።

ቀጥሎ ያደረገችውን ሰዎቹ እስከ ዛሬ ያወሩታል። ወደ ቢሮዋ አልሄደችም። እዚያው በፊታቸው ለሲስተር ደወለች። ዐሥራ ስምንቱ ብቻ እንደደረሱ፣ ጥፋቱም የእሷ እንደሆነ ነገረቻት።

«ዛሬ ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ» አለች ሲስተር። «ቅዳሜ ጠዋት ብሰማው ኖሮ አሮጌዎቹን አስወጥቼ ልጆቹን የት አስተኛቸው ነበር?»

ተስማሙ። ቅዳሜ ሕመም የጠናባቸው ዐሥራ ስምንት ልጆች ይገባሉ፤ ሌሎቹ ባሉበት ይቆዩና የቀሩት አልጋዎች በሚቀጥለው ረቡዕ ይደርሳሉ። ስልኩን ስትዘጋ በያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። ከድልድዩ ማዶ ደህና ማሽን ያለው ወዳጅ እንዳለው፣ መቀርቀሪያዎቹን እዚያ ማስቆረጥ እንደሚቻል ተናገረ። ከመቼ ጀምሮ ነው ይህን ያሰብከው ስትለው፣ ማሽኑ ከተበላሸበት ቀን ጀምሮ አላት። የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ታብሌቱ ላይም እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ መኖሩን ያሳየው የለም። በዚያው ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት ስብሰባ ላይ ኃላፊዋ አንድ ቀይ ብቻ አነበበች፤ የራሷን። ሰው ሳልጠይቅ ስክሪን አምኛለሁ አለች። ከእንግዲህ ቀይ የሚያበራ ሰው ይመሰገናል፤ ስሙ ሳይሆን ምን እንደሚያስፈልገው ነው የሚጠየቀው አለች። የፍራሽ ሰፊዋ ወዲያው እጇን አውጥታ፣ እንግዲያው የእኔ መቀስ ከደነዘዘ ሦስት ወሩ ነው አለች። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ሌላም ነገር ነበር። ለሶፍትዌሩ ሰዎች ደውላ፣ «ተጠናቋል» የሚለውን ሰጪው ሳይሆን ተቀባዩ እንዲነካው ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ይቻላል አሏት፤ ሲጀመርም እዚያው ውስጥ ነበር፤ ሥራችሁ እንዴት እንደሚያልፍ የነገረን ሰው ስላልነበረ ነው ያልከፈትነው። ስልኩን ይዛ ብቻዋን ሳቀች። ያ የሽማግሌ ወግ ያለችው እኮ ነው።

መቀርቀሪያዎቹ ዐርብ ደረሱ። ቅዳሜ ዐሥራ ስምንቱ ሄዱ። ሰኞ በያጁ የመጀመሪያውን አልጋ ተሸክሞ ቀለም ክፍል ሲደርስ፣ ጋሽ ቆይ አንድ ጣታቸውን ታብሌቱ አጠገብ አንጠልጥለው «ቆይ» አሉት። በያጁ ቆመ። ስሙ ከተነበበበት ስብሰባ ወዲህ እንዲህ ፊቱ ሲበራ ያየው አልነበረም።

ረቡዕ ዐሥራ ሁለቱ አልጋዎች ሆስፒታል ሲገቡ ኃላፊዋም ጋሽ ቆይም በያጁም አብረው ሄዱ። ጋሽ ቆይ ይዘውት የመጡትን ታብሌት ለሲስተር አቀበሏትና እዚህች ጋ ንኪ አሏት።

«ቆይ፣ አባባ» አለች ሲስተር።

ከመጀመሪያው አልጋ ጀመረች። መከላከያውን ወደ ላይ፣ ነቅነቅ፣ ወደ ታች። ሁለተኛው። ሦስተኛው። ሰባተኛው ላይ መቀርቀሪያው ጠበቅ ሲልባት ቀና ብላ አየቻቸው፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። በያጁ ከኪሱ ዘይት አውጥቶ ተንበረከከ። ጋሽ ቆይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያስጠብቁ ኖረው፣ ዛሬ እጃቸውን አጣምረው ሲጠብቁ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። የምሳ ሰዓት አለፈ። ንቅንቅ ያለ የለም።

ዐሥራ ሁለተኛውን ስትጨርስ፣ በአሮጌው አልጋ ላይ ከጓደኛዋ ጋር የተኛችውን አንዲት ትንሽ ልጅ ታቅፋ አምጥታ አዲሱ ላይ አስተኛቻት። ልጅቷ መጀመሪያ እንደለመደችው እግሯን አጥፋ ቀረች። ቆየት ብላ አንዱን ቀስ አድርጋ ዘረጋች፤ የሚነካት ሌላ ራስ እንደሌለ ስታውቅ ሁለተኛውንም ዘረጋች።

«ተቀብያለሁ» አለች ሲስተር፣ ታብሌቱንም ነካች።

ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አመሰግናለሁ ልትል ፈለገችና መጀመሪያ ለማን እንደምትል ግራ ገባት፤ ሄዳ የጋሽ ቆይን ቀለም የነካ እጅ በሁለት እጇ ያዘች።