የመሪጌታ ግራ እግር

ባሌን መሪጌታ ጥዑመ ልሳንን ደም ግፊት ጥሏቸው ግራ እግራቸው ከደነዘዘ አምስት ወር ሆነው። ጧት ጧት መደቡ ላይ በደረታቸው ይተኛሉ፤ እኔ አሻቸዋለሁ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ ግን የወጌሻ ልጅ ነኝ። ከደቅ ደሴት ባሕር ዳር ድረስ በጀልባ እየመጡ በእጄ የታሹ ብዙ ናቸው።

ዛሬ በቅቤ ላሻቸው ብል፣ "ፍልሰታ ገብቷል፣ ጾም ነው" አሉኝ።

"እግርዎ ይበላል እንዴ?"

"አፍንጫዬ ይበላል።"

እንግዲያው ብዬ የኑግ ዘይት አመጣሁ። ከተረከዛቸው ጀምሬ ወደ ላይ አሸሁ። የሚመኙት መቋሚያቸውን ይዘው ማኅሌት መቆም ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም። ዘይት ልጨምር እጄን ሳነሳ የጠርሙሱ ክዳን አልከፈት አለኝ።

"እዚያው ላይ ነው አገርነሽ። እጅሽ ደህና ገባልኝ" አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዳዞሩ።

አልደነገጥሁም፤ እንባም አልመጣኝም። ክዳኑን ታግዬ ከፈትሁት።

"መሪጌታ፣ እጄን ካነሳሁ ቆየሁ" አልኋቸው። እኔ ማባበል አላውቅበትም።

"እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።"

"ከመቼ ወዲህ ነው የማይሰማዎት?"

"ከመጀመሪያውም።"

አምስት ወር ሙሉ በየጧቱ "ተሻለኝ" ሲሉኝ አምኛቸዋለሁ፤ ለጎረቤትም አውርቻለሁ። ዘይቱን መዳፌ ላይ አፈሰስሁና ቀኝ እግራቸውን ያዝሁ።

"እሱ እኮ ደህና ነው" አሉ።

"ደህናም ይታሻል። ዝም ብለው ይተኙ።"