የአሞሌ ጆሮ

መምህር ሣህለ ማርያም በሕይወት ሳሉ ለቢቸና ሕፃናት የደረሱት ተረት የአንድ አህያ ነው፤ በሞጣ መንገድ ታሞ የወደቀ ጌታውን በጀርባው ጭኖ፣ ያለ መሪ ከደጁ ያደረሰ። አህያው አሞሌ ይባላል፤ በግቢያቸው የሚኖር እውነተኛ አህያ ነበር። ሚስታቸው ወይዘሮ ባንቺዓለም ግን፣ «ገብሱ ናፍቆት ነው የመጣው እንጂ ለእርስዎ አዝኖ አይደለም» ይሏቸው ነበር።

መምህሩም ይስቁና፣ «ተረት ነው ብዬ የነገርኩትን ሰው አላታለልኩትም» ይላሉ።

እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ያንን ደጅ የሚረግጠው የልጆች እግር ብቻ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ጅብ የቦጨቀውን የአሞሌን ግራ ጆሮ ይዳስሳሉ፤ ተረቱን አስነግረው ይሄዳሉ። የወይዘሮዋ ሳምንት የሚነጋው በዚያች ቀን ነበር።

በ፲፱፻፺፬ ዓ.ም. ኅዳር ላይ አሞሌ በእርጅና ሞተ። የመምህሩ የጥንት ወዳጅ፣ የሞጣው ነጋዴ ከሊፋ፣ ይህን ሰምቶ ዓርብ ዕለት አመድማ አህያ እየነዳ ደረሰ።

«እማማ፣ ይዩትማ! ቁርጥ አሞሌን! የቀረው ጆሮው ነው። ጅቡን ባገኘው ወላሂ እሱው ይጨርስልን ነበር፤ ስላጣሁት ምላጭ ይዣለሁ።»

«ልጆቹ አይለዩትም?»

«ልጅ ጆሮ ያያል እንጂ ጥርስ አይቆጥርም። እነሱም ከቀሩ ታዲያ ማን ሊመጣልዎት ነው?»

ከሊፋ ከሄደ በኋላም ይህች ቃል ከግቢው አልወጣችም። ወይዘሮ ባንቺዓለም ምላጩን አንሥተው የአህያውን ግራ ጆሮ ያዙ። እርሱ ግን የሚያኩት መስሎት ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ከደረታቸው አስጠጋ። የባላቸው ቃል ትዝ አላቸው። ይህን ግን ተረት ነው ብለው ለማን ይነግሩታል? ምላጩን ጣሉት።

በማግስቱ ልጆቹ መጡ። ዘሪቱ የምትባለው ቀድማ ሮጣ የአህያውን ጆሮ ጨበጠችና፣ «እማማ! እማማ! የአሞሌ ጆሮ ድኗል!» ብላ ጮኸች።

ለወይዘሮዋ ዝም ማለት ብቻ ይበቃቸው ነበር።

«አልዳነም ልጄ» አሉ። «አሞሌ ሞቷል። ይህ ሌላ ነው።»

«ይሄኛውስ ማንን ተሸክሞ አዳነ?»

«ማንንም።»

ልጅቱ ጆሮውን ለቀቀች። ልጆቹ ጥቂት ቆሙ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወጡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወይዘሮ ባንቺዓለም እንደ ልማዳቸው ደጁን ጠረጉ። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። አህያው ወደ በሩ ዞሮ አናፋ።

«ተው፤ የሚሰማህ የለም» አሉት።

በሩን ግን አልዘጉትም።