የጀርባው ግድግዳ

ሱሪያችሁን እንኳ መርፌ ለማያውቅ ሰፊ የማትሰጡ ሰዎች፣ አንጎላችሁንስ ለማን ነው የምትሰጡት?

የሟች ታናሽ እህት በልቅሶው ቤት ወጥ ቤት ቆማ ሳህን እያጠበች የምታብሰለስለው ይህንኑ ነው። ከሳሎን የሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ድምፅ ይሰማል። «ደም ሥሯ ደካማ ነበር። የምንችለውን ሁሉ አድርገናል።» ለቀስተኛው ከንፈሩን ይመጥጣል።

«ደካማ!» አለ የሟች ተማሪ፣ የታጠበውን ሳህን እየወለወለ። «እህቴ፣ ቀዶ ሕክምናውን ሲያደርግላት ረዳቱ እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ ምን ለጎመህ? ተናገር እንጂ!»

ሟች የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበረች። ባልደረቦቿ «ሰፊዋ» ይሏታል፤ ሲያሾፉባት ነው። ተማሪዎቿ በማይክሮስኮፕ ሥር የዶሮ ክንፍ ደም ሥር ሰፍተው ካላሳዩዋት ወደ ሰው አታስጠጋቸውም። ታናሽ እህት አንድ ቀን ልትጠይቃት ሄዳ ስትሠራ አይታታለች። ሟች የደም ሥሩን ሁለት ጫፎች ግራና ቀኝ በአንድ አንድ ስፌት አጋጠመች፤ የፊቱን ጎን ሰፋች፤ ከዚያ ገልብጣ ውስጡን አየች።

«ይኸውልሽ፣ መርፌው የጀርባውን ግድግዳ አብሮ ከያዘ አልሰፋሽም፣ ደፈንሽው። ውስጡን ሳያይ የሚቋጥር ሐኪም እሱ ሐኪም ነው? ጆንያ ሰፊ!» ብላ ሳቀች።

ኃላፊው ያንን የልምምድ ክፍል «የዶሮ ቤት» ብሎ ዘጋው፤ አሮጌ ወንበር አጎረበት። እሱ ራሱ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲል ዓመታት መርፌ አልነካም። የእሷው የአንጎል ደም ሥር ጠቦ ስትወድቅ ግን ያስተማረቻቸውን ሁሉ ገፍቶ «ባልደረባዬን ከእኔ በቀር ማንም አይነካትም» አለ። ክብር መሆኑ ነው!

«ደም የጠበበውን አልፎ እንዲደርስ የራስ ቆዳዋን ደም ሥር ከአንጎሏ ደም ሥር ጋር ሲያገናኝ ውስጡን አላየም» አለ ተማሪው በሹክሹክታ። «ደሙን ያቆመበትን መቆንጠጫ ሲለቅ ደሙ አላለፈም። ‹ዶክተር፣ የጀርባውን ይዟል፤ እንፍታው› አልኩት። ‹አንተ የዶሮ ሐኪም፣ ዝም ብለህ ዝጋ!› አለኝ።»

ታናሽ እህት እጇን ሳትጠርግ ወደ ሳሎን ወጣች። ኃላፊው እናቷ አጠገብ ተቀምጦ ሻይ ይዟል።

«እማማ፣ እንግዲህ የአምላክ ፈቃድ ነው» ይላል።

«አምላክን ተወው፤ መርፌ አልያዘም!» አለች። «ደሙ እንዳላለፈ እያየህ ለምን ዘጋህ?»



«እህቴ፣ ሐዘን ነው፤ ይገባኛል» አለ ኃላፊው። «ግን ይህ ቦታው አይደለም። ቢሮ ነይና እንነጋገር።»

«ደም ሥሯ ደካማ ነበር ያልከው ቢሮ ነው እንዴ?»

«እንፍታው ብዬሃለሁ፣ ዶክተር» አለ ከኋላዋ ተማሪው። ሁሉም ሰማው። ነገ ሥራ እንደማይኖረው ያውቃል።

ኃላፊው ወደ በሩ አየ። እናት በዝግታ እጃቸውን ዘረጉ፤ የሻዩን ብርጭቆ ከእጁ ተቀብለው መሬት ላይ አኖሩት።

«አሁን አፍህ ነፃ ነው፣ ልጄ» አሉት። «ስሟን ያነሳኸው በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ነው። በዚሁ ሰው ፊት መልስ።»