ለስላሳው ሞላ

«ሞተሩ ወርዶ ሳለ ነው እንዴ ሞላውን የለካኸው?»

«ጋሼ፣ አትጩህብኝ።»

«አልጮህም! ሞተሩ በሌለበት ነው ወይ የለካኸው?» አለ ሹፌሩ።

መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር እንደተጋደመ ሜትሩን ኪሱ ውስጥ ሸጎጠ። የሹፌሩ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው፤ ጋራዡ ውስጥ «ኢንጂነሩ» ይሉታል፣ ግማሹ ለሙገሳ፣ ግማሹ ለሹፈት። የጭነት መኪናዋን የፊት ባሌስትራ፣ ያንን ድርቅ ያለ ድርብርብ ብረት፣ ቆርጦ ጥሎ በምትኩ ለስላሳ ጥቅል ሞላ የገጠመላት ለክፋት አልነበረም። ሐኪሙ ሹፌሩን «ይህ ወገብ ከእንግዲህ መንገጫገጭ አይችልም» ብሎታል። ወገቡ ያልቻለውን መኪናዋ ትቻልለት ብሎ ነው ልጁ እርሳስና ወረቀት ያነሣው።

ሹፌሩ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ሞተሩ ተመልሶ ሲገባ መኪናዋ በአፍንጫዋ ተደፍታ ቀርታለች። በአክስሉና በሞተሩ ሆድ መካከል ጣት እንኳ በግድ ነው የሚገባው። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ አክስሉ የሞተሩን ሆድ ይቀድና ዘይቱን አስፋልት ይጠጣዋል።

«ሞተሩን ከፍ ብናደርገውስ?» አለች ሚስቱ፣ መብራቱን እንደያዘች።

«ኮፈኑ አይዘጋም» አለ መካኒኩ።

«ክፍቱን ይሂዳ!»

«እህት ዓለም፣ መንገዱን በምን ሊያየው ነው? በጸሎት?»

ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

«ባሌስትራዬን መልስልኝ» አለ ሹፌሩ።

«ማሰሪያውን ከሻንሲው ላይ ቆርጬዋለሁ እኮ። ደግሞስ ብመልሰው? ወገብህን የፈጀው እሱ አይደል?» መካኒኩ እየተንፏቀቀ ወጣ። ግንባሩ ላይ ቅባትና ላብ ተለውሷል። «ጠንካራ ሞላ አስገባላታለሁ። አክስሉ ሞተሩን አይነካም። እኔ ልሙትልህ፣ አይነካም።»

«ወገቤን እንደ ድሮው ይመታል?»

«ትንሽ።»

«ማንን ነው የምታታልለው?»

«እንደ ድሮው ይመታል» አለ መካኒኩ ወለሉን እያየ።

ለስላሳው ሞተሩን ይበላል፤ ጠንካራው ወገቡን። ሹፌሩ ሊቆጣ ፈልጎ የልጁን የቀላ ዓይን ሲያይ ቁጣው ከዳው። መኪናዋ ድና ከዚህ ትወጣለች። ጤነኛ ወገብ ያለው ሌላ ሰው ይነዳታል።

«ከሁለቱ መሃል የሚሆን ሞላ ጠፍቶ ነው?» አለች ሚስቱ።

«መብራቱን ዝቅ አድርጊና የሜትሩን ጫፍ ያዢልኝ እስቲ፣ እንደገና ልለካ።»

«እስካሁን ምን ስታደርግ ከረምክ?»

«አሁን ሞተሩ አለ!»

«በል ለካ! ሜትሩን አጥብቀህ ያዘው፣ ጫፉ እየሸሸህ ነው።»

«የሚሸሸው ባንቺ በኩል ነው!»

ሹፌሩ ጥርሱን ነክሶ ወደ ጋቢናው ተንጠላጠለ። ከመቀመጫው ላይ ወገቡን የሚደግፍበትን ትራስ አነሣ፤ ቁልፉን እንደተሰካ ተወው። እህትና ወንድም በሜትሩ ጫፍ ሲነታረኩ፣ ትራሱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ገርበብ ባለው የጋራዡ በር ወጣ።