የቦሎ ጎማዎች

«ያዙ! ወንበር ያዙ!» ብላ ጮኸች ሥርጉት።

ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጣዋለች፤ ሚኒባሱ ግን ማን አለብኝ ብሎ ቁልቁለቱን ይወርዳል። አሁን የጣለው በረዶ ኮብልስቶኑን ነጭ አልብሶታል። መሪውን ወደ ግራ ብታዞረው መኪናው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከኋላ የተማሪዎቹ ጩኸት፣ ከታች ደግሞ ከባድ መኪኖች የሚከንፉበት ዋናው አስፋልት አለ። «እመቤቴ ድረሽልኝ!» አለች። ሚኒባሱ እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ፣ አንድ ደግ ሰው ቤት ሊሠራበት ከመንገድ ዳር ያስከመረው አሸዋ ውስጥ አፍንጫውን ቀብሮ ቆመ።

ጋቢና የተቀመጠችው ትንሿ እድላዊት፣ «አንቲ፣ ደረስን እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ሥርጉት ግን መሪውን እንደጨበጠች ቀረች፤ ወርዳ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ አላየችም።

ማታ እቤት ስትገባ አማቷ አባባ ገብረጻድቅ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ሥር አድርገው ተቀምጠው ነበር። የባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ አቃቂ ጣቢያ ባቡር በሚያስተናግድበት ዘመን ሲያገለግሉ የኖሩ። ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ነገረቻቸው።

«አባባ፣ ሹፌር ልቀጥር ነው።»

«ምን ሆንሽ?»

«ዛሬ ልጆቹን ልጨርሳቸው ነበር። አሸዋው ባይኖር…» አልጨረሰችውም።

ሽማግሌው ሬዲዮውን ዘጉት። «በረዶ ነው ልጄ። በረዶ ማንን አያንሸራትት?»

«ሌሎቹ መኪኖች በዚያው ቁልቁለት ወርደዋል። የተንሸራተትኩት እኔ ብቻ ነኝ።»

ባሏ አብርሽ ከሞተ ወዲህ የተማሪ ሰርቪሱን የምትነዳው እሷ ናት። መንጃ ፈቃድ ስታወጣ ሰፈሩ ያላለው አልነበረም፤ ሚኒባስ ለሴት ልጅ ይከብዳል ያላትም ነበር፣ ሸጠሽ ሱቅ ክፈችበት ያላትም ነበር። እሷ ጥርሷን ነክሳ ነዳች። ሹፌር ከተቀጠረ ለቤቱ የሚተርፍ ነገር አይኖርም፤ ያንን ሁለቱም ያውቁታል። እሷን ግን ከገንዘቡ ይበልጥ የከነከናት ሌላ ነው፦ ለካ ያሙኝ ሁሉ እውነታቸውን ነበር የሚለው ሐሳብ።

ይባስ ብሎ ይህ ሁሉ የደረሰው ስትጠነቀቅ ነው። ነባሮቹ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ ሊሾ ስለሆኑ፣ ክረምቱ ሳይገባ ብላ የቦሎዎቹን ካስገጠመች ገና ሳምንቷ ነው። የቦሎ ጎማዎች የሚባሉት አብርሽ በሕይወት ሳለ አዲስ የገዛቸው፣ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ለዓመታዊው ምርመራ የሚገጠሙ አራት ጎማዎች ናቸው። መርማሪው ጥርሳቸውን አይቶ ያሳልፋል፣ ቦሎው ይለጠፋል፣ ጎማዎቹ ወልቀው ወደ ጓሮው ቆርቆሮ ቤት ይመለሳሉ። ዓመቱን ሙሉ የሚለፉት አሮጌዎቹ ናቸው። ይህን ብልሃት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ታክሲ የሚነዳው ጎረቤታቸው ኩምሳም ምርመራው ሲደርስ እየመጣ ይዋሳቸዋል። አባባ ገብረጻድቅ አቧራቸውን እየጠረጉ፣ በጆንያ እየጠቀለሉ፣ የልጃቸውን አደራ እንደሚጠብቅ ሰው ጠብቀዋቸዋል። ሥርጉት ስትጠይቃቸውም ወዲያው እሺ አላሉም፤ «ለክፉ ቀን ነበር እኮ» ብለው እየከፋቸው ነው የሰጧት።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ሙሉአለም ደወለች፤ የእድላዊት እናትና የወላጆቹ ተወካይ ናት።

«ሥርጉቴ፣ እኔ አልወቅስሽም። ግን ወላጆቹ ፈርተዋል። እስከ ሰኞ አንድ ነገር አድርጊ፤ አለዚያ ሌላ መኪና እናምጣ እያሉ ነው።»

«እሺ፣ አደርጋለሁ» አለች። ምን እንደምታደርግ ግን አላወቀችም። በረዶ ላይ የማያንሸራትት፣ የሷን ድክመት የሚሸፍንላት ጎማ ካለ ልጠይቅ ብላ ወደ ቃሊቲ ነዳች።

ጎማ ነጋዴው ዘአማኑኤል ሱቁ ደጃፍ ላይ በተነባበሩ ጎማዎች አናት ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። የአብርሽ ወዳጅ ነበር።

«የበረዶ ጎማ አለህ?» አለችው።

ሻዩ ትን ሊለው ነበር። «የት ልትሄጂበት ነው? እዚህ አገር በረዶ የሚቆየው ይሄ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ነው!»

«እኔን ያንሸራተተኝ እሱው ነው።»

ፊቷን ሲያይ ቀልዱን ተወው። እየዞረ ያሳያት ጀመር። መጀመሪያ በላስቲክ የታሸጉ አዲሶች፤ ዋጋቸውን ሰምታ አለፈቻቸው። ቀጥሎ ለገጠር ጭቃ የተሠሩ፣ ጥርሳቸው እንደ በሬ መንጋጋ የሆነ። «ጭቃውን ይቧጥጡልሻል፤ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ግን እኔ ለእህቴ አልሰጥም» አላት። መጨረሻ ላይ ከጥግ አንዱን አንከባሎ አመጣ። ጎኑ ላይ ተራራና የበረዶ ብናኝ ተስሎበታል፤ ጥርሱ ላይ በምላጭ የተተለተለ የሚመስል ቀጫጭን ስንጥቅ ሞልቷል።

«ክረምቱ በረዶ ከሆነበት አገር የመጡ ናቸው፤ ያገለገሉ፣ ግን ብዙም ያልተበሉ። ሰው አይገዛቸውም። ለስላሳ ስለሆኑ በጋ ላይ አስፋልቱ ቶሎ ይበላቸዋል።»

ሥርጉት ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው። አውራ ጣቷን ስትጫነው ሰረግ አለ፤ ጥፍሯም ምልክት ጥሎ ተነሣ። ከዚያ ተነሥታ ወደ ሚኒባሷ ሄደችና የቦሎውን ጎማ በዚያው ጣቷ ተጫነችው። ጎማው ንቅንቅ አላለም። ጥፍሯ ማሰሮ ላይ እንዳረፈ ሁሉ ተንሸራተተ። ጥርሱ ግን ሙሉ፣ ጥቁር፣ ያማረ ነበር።

«ዘአማኑኤል፣ እስቲ ና። ይሄን ንካው።»

ነካው። ሌላውንም ነካው። ተንበርክኮ ጎኑ ላይ የተሠራበትን ዘመን ፈለገና አነበበ፤ ከዚያ ራሱን ያዘ።

«ወይ አብርሽ! አሁንም አሉ እንዴ እነዚህ? እኔ እኮ ነኝ የሸጥኩለት፤ ያኔ ልጄ አልተወለደችም። የት ነበሩ?»

«ቆርቆሮ ቤት ውስጥ። በጆንያ ተጠቅልለው።»

«በዚህ ፀሐይ? ሥርጉት፣ እነዚህ እኮ መንገድ ሳያዩ ነው የሸመገሉት። ጎማ አይደሉም፣ ድንጋይ ናቸው። በእነዚህ በረዶ ላይ ማንም ቢነዳ ይንሸራተታል።»

«ማንም?» አለች።

«ማንም። እኔም ብሆን። አብርሽም ቢሆን።»

ሥርጉት የሚኒባሱ ደረጃ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳቅ መጣባት፣ ቀጥሎ እንባ፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ። እጇ አልነበረም! ሌሊቱን ሙሉ ስትረግመው ያደረችው እጇ ምንም አላጠፋም። ከደረቷ ላይ አንድ ኩንታል የወረደላት መሰላት።

«ግጠምልኝ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ለስላሶቹን።»

«በጋ ላይ ያልቃሉ ብዬሻለሁ።»

«ይለቁ! ጎማ ሲያልቅ ነው እንጂ ሲቀመጥ ምን ይሠራል? ተበልተው እስኪያልቁ እነዳባቸዋለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ሙሉአለም ጎማዎቹን አይታ ለወላጆቹ ስለነገረችላት ሥራው ከእጇ አልወጣም። ማክሰኞ ከሰዓት ሰማዩ እንደገና ጠቆረ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት አሳፍራ ቁልቁለቱ አናት ስትደርስ በረዶው ጣሪያውን ይደበድበው ጀመር። ዳር ይዛ ቆመች፤ ሲያባራ መንገዱ ነጭ ሆኖ ጠበቃት። በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብላ ጀመረችና አጋማሹ ላይ ሆን ብላ ፍሬኑን ነካ አደረገች። ሚኒባሱ ትንሽ ተንሸራቶ ቆመ። ቆመ! ባለፈው ያወጣት አሸዋ ከፊቷ፣ ገና ሩቅ ነበር።

«አንቲ፣ ለምን ቆምን?» አለች እድላዊት።

«ስለቆምን ነዋ!» አለችና ብቻዋን ሳቀች። ልጆቹ ምኑ እንዳሳቃት አልገባቸውም፤ ቢሆንም አብረዋት ሳቁ።

እቤት ስትደርስ ኩምሳ ግቢው ውስጥ ቆሟል። አባባ ገብረጻድቅ የቦሎ ጎማዎቹን ከቆርቆሮ ቤቱ አውጥተው ጆንያቸውን ገላልጠዋል። ቅዳሜ ዕለት ጎማዎቹን አምጥታ ጉዳቸውን ብትነግራቸውም፣ አራቱንም እንደ ወትሮው ጠቅልለው አስገብተዋቸው ነበር።

«እንደምን ዋልሽ ሥርጉት» አለ ኩምሳ። «ነገ ምርመራ አለብኝ፤ ያው እንደ ልማዳችን ላስቸግራችሁ ብዬ ነው። ደግሞ አባባን እየለመንኳቸው ነው፤ ዘንድሮ ክረምቱን እንኳ ብነዳባቸው። የኔዎቹ አልቀዋል።»

ሽማግሌው ምራታቸውን አዩ፣ ከዚያ ጎማዎቹን አዩ። ጥቁረታቸው ዛሬም እንደ አዲስ ነው።

«አይሆንም፣ ኩምሳ» አለች ሥርጉት። «ለምርመራውም አይሆንም።»

«ምነው? አጠፋሁ እንዴ?»

«በእነዚህ ሰው ትጨርሳለህ። እኔ ልጨርስ ነበር። ነገ ዘአማኑኤል ጋ እወስድሃለሁ፤ ዱቤ እንዲሰጥህ እኔ ዋስ እሆንሃለሁ።»

ኩምሳ ግራ ገብቶት ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባባ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ለሰው የማይሰጥ ከሆነ ለምን ይቀመጣል?»

አባባ ገብረጻድቅ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ገቡና የባቡር ዘመናቸውን የብረት መጋዝ ይዘው ወጡ። ወንበራቸውን ስበው አንደኛውን ጎማ ጉልበታቸው መሃል አቆሙት። በመዳፋቸው አንድ ጊዜ ዳበሱት።

«ልጄ ለሚያመላልሳቸው ልጆች ብሎ የገዛው ነው» አሉ። «ልጆች ሊጨርስ አልገዛውም።»

መጋዙን ጎኑ ላይ አሳርፈው ይስቡ ጀመር። ጎማው እውነትም ድንጋይ ነው፤ ብዙ ሳይቆይ እጃቸው ዛለ። ሥርጉት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ጎናቸው ተንበረከከች።

«ለኔ ይስጡኝ፣ አባባ» አለች። መጋዙን ተቀበለቻቸው፤ እሳቸው ጎማውን ያዙላት።